የእርስዎ ተቃራኒ

ሰሌዳውን በጠመኔ ከላይ እስከ ታች ከፈልኩት፣
ግራውን ለሰፈር ወሬ፣ ቀኙን ለደብዳቤ ሰጠሁት።
የግንቦት ዝናብ ከጅሬን ወርዶ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣
አራተኛ «ሐ» ውስጥ ሰባ አንድ ልጅ ከዝናቡ በላይ ይጮኻል።

«ከም!» ስላቸው «ጎ!» ይላሉ፤ «ስታርት!» ስል «ስቶፕ!» ይመጣል፤
ይሄ የሜዳ እንግሊዝኛ ነው፣ ሸሚዙን አውልቆ ይሮጣል።
ቀኝ በኩል ግን ሌላ አገር ነው፣
ቃሉ ሁሉ ክራባት ያሰረ፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ የቆለፈ ነው።
«አራይቭ» ካሉ «ዲፓርት»፣ «ኮሜንስ» ካሉ «ተርሚኔት»፤
ሚፍታ ሊለው ሞከረና ምላሱ መሃል ላይ ታጠፈበት።

«ቲቸር፣ ይሄ መምጣት የማን ነው? የመኪና ነው ወይስ የሰው?
አባቴ አይሱዙውን ከቦንጋ ይዞ ሲገባ፣ «አራይቭ» ብሎ ማን ሊጠራው?»
«ልክ ነህ» አልኩት፤ «አባትህ ይመጣል፣ አውሮፕላን ግን ይደርሳል፤
መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ አንዱ ይሄድበታል፣ አንዱ ይጓዝበታል።»

ኦብሴ ለዳይሬክተሩ ስትጽፍ «ሃይ» ብላ ጀመረች፣
«ዩርስ ፌይዝፉሊ» ብላ፣ በታማኝነት ጨረሰች።
መሃሉ ላይ ያለው ግን፣ የክፍላችን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣
ከነገሩ ሁሉ እውነቱ እሱ ነበር፤ ጠብታው ደብተሯ ላይ ሲፈስ።

ራውዳ ከኋላ ወንበር፣ ከመስኮቱ ሥር፣ እጇን አወጣች።
ራውዳ ጠይቃ አታውቅም። ዛሬ ግን ጠየቀች።
«የ‹እርስዎ› ተቃራኒ በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?»
ክፍሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ከንፈሬን የያዘኝ ዓይኗ ነው።
«‹እርስዎ› የለም» አልኳት፤ «‹አንተ›ም የለም፣ ‹አንቺ›ም የለም፤
‹ዩ› ነው ለከንቲባውም፣ ‹ዩ› ነው ለፍየሏም።»

ቶላ ተነሣ፦ «በእኛ ‹ኢሲን› አለ፣ ‹አቲ›ም አለ፤ ቤታችን ሁለት በር ነው፤
እንግሊዝ በአንድ በር ነው እንዴ የሚገባው የሚወጣው?»
«ለአያቴም ‹ዩ›?» «ለአያትሽም።» «ለአላህስ?» ሚፍታ ጠየቀ፤
ቆርቆሮው ላይ የዝናቡ ድምፅ ያን ጊዜ ረቀቀ።
ማን አስተውሎት ያውቃል? ለቀበሌው ጸሐፊ «እርስዎ» እንላለን፣
ሌሊት ብቻችንን ስንሆን ግን ፈጣሪን «አንተ» እንለዋለን።

አባቴ በሂርማታ ገበያ ማር የሚመዝኑ ሰው ነበሩ፤
ሚዛኑ ነው እንጂ የሚናገር፣ እሳቸው ብዙም አይናገሩ።
ሠላሳ ዓመት «እርስዎ» አልኳቸው፤ በርጩማ ሳብኩላቸው፣
መንገድ ለቀቅኩላቸው፣ አንገቴን ደፍቼ መለስኩላቸው።
ትከሻቸውን ግን አልነካሁም። አንድ ቀን እንኳ አልነካሁም።
ቀብራቸው ላይ፣ አፈሩ ሲወርድ፣ ድምፄ አመለጠኝ፣ አልያዝኩትም፤
«አባዬ፣ ምነው አንተ!» አልኩ።
                                ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።
ያን ቀን ነው፣ እጄ ባዶውን ሲዘረጋ፣ ተቃራኒው የገባኝ።

ይህን ለራውዳ አልነገርኳትም። ገና አሥር ዓመቷ ነው።
«ተቃራኒ የለውም» ልጽፍ ስል ጠመኔው ተሰበረ፤ የቀረኝም እሱ ነው።

ቸርኬው በብረት ተደወለ። ሰባ አንድ ልጅ በአንድ በር ወጣ፣
«ዩ!» እየተባባለ፣ እየተጋፋ፣ ጭቃው ላይ ለመጫወት ወጣ።
የጥበቃውን ፍየል «ዩ!» አሏት፤ ፍየሏ ግን ቅጠሏን አልተወችም።
ኦብሴ ዛፉን «ዩ» አለችው። ዛፉን! እኔም አልከለከልኳትም።
ዳይሬክተሩ ካፖርት ለብሰው ብቅ ሲሉ ጩኸቱ ድንገት ረገፈ፤
ሚፍታ ብቻ ጭቃው መሃል ቆሞ፣ «ዩ» አለ፣
                                ከወገቡም ታጠፈ።

የት ልጻፈው ይሄንን? በግራ ነው ወይስ በቀኝ?
ሰሌዳውን ልጠርግ ተመለስኩ፤
ጣሪያው እያፈሰሰ ቀደመኝ።